ከባዱ ላፕቶፕ

ጠዋት ቁርሷን በልታ የባሏን ላፕቶፕ ከነቦርሳው አንጠልጥላ ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

ሱቁ ውስጥ ሻጩ አገላብጦ አየው። «ይሄማ ዴስክቶፕ ነው ይበሉት፣ እትዬ። ለምን ይሸጡታል?»

«ከበደኝ።»

አምና እዚሁ ሱቅ አርክቴክቱ ባሏ አስናቀ ቀላሉን ላፕቶፕ መርጦ ነበር፤ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ይዞት ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ። እሷ ግን «አራት ኪሎ ከበደህ? ባይሆን እኔ እሸከምልሃለሁ» ብላ ስቃበት አቅም ያለውን አስገዛችው። አንድ ቀንም አልተሸከመችለትም። በሦስተኛው ወር አስናቀ ቦርሳው ከትከሻው ሳይወርድ ደረጃው ላይ ወድቆ ሞተ።

ሻጩ ቻርጀሩን ሲፈልግ ከቦርሳው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የልብ ሐኪም ለአስናቀ የጻፈው ነው፤ «ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ» ይላል። ቀኑ ላፕቶፑን ከመግዛታቸው ከአንድ ሳምንት በፊት ነበር።

ቻርጀሩም ተገኘ። ላፕቶፑ ምንም አልጎደለውም። አስናቀ የለም።