የኣብርሄት ደብተር

ገረዝጊሄር ቀናተኛ አልነበረም፤ ይህን የሚለው ግን ራሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ኣብርሄት ወደ ሱቅ ብቅ ስትል መዶሻውን አስቀምጦ እስክትመለስ መንገድ መንገዱን እንደሚያይ የቆርቆሮ ሠሪዎቹ ሰፈር መደበር ሙሉ ያውቃል።

ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ባልዲ ይሠራል። ዓይኑ ያየውን እጁ አይስተውም። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት አንድ ትልቅ ጋራዥ ለፎርማንነት ፈልጎት ነበር። የማሽኖቹ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን በየመስከረሙ የሚሰጠውን የቋንቋ ፈተና ማለፍ ነበረበት።

«ይሄ አማርኛ እንኳ ስንት ዓመት ፈጀብኝ! በአርባ ዓመቴ ደግሞ ኤ ቢ ሲ ልበል?» ብሎ የፈተናውን መመዝገቢያ ወረቀት ቀደደው። ኣብርሄት ለመነች፣ አለቀሰች፤ አልሰማትም።

በጥር ወር እሷ ራሷ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጥራቮሎ ወደሚባለው ሰፈር እየሄደች እንግሊዝኛ መማር ጀመረች።

«ማነው የሚያስተምርሽ?»

«መምህር።»

«ስም የለውም?»

«ኣንታ ሰብኣይ፣ ስሙ ምን ይሠራልሃል?»

ነገሩ ያን ቀን ሆዱ ገባ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ኣብርሄት እህቷ ዘንድ ትውላለች። ደብተሯ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ይቀራል። ገረዝጊሄር ገለጠው። ጽሑፉ ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስል ጎላ ጎላ ያለ ነው። እንግሊዝኛውን ማንበብ ባይችልም በየመስመሩ አንዲት ቃል እንደምትመላለስ፣ ከፊቷም ሁልጊዜ ያቺው ባለሁለት ፊደል ቃል እንደምትቆም አየ። ፊደሎቹን በጠመኔ ቆርቆሮ ላይ ቀዳቸው።

ለማን ያስነብበው? ይህን ጉድ አንድ ሰው ከሰማው በየፌርማታው ይወራል። ያኔ ገዛ ባንዳ ሰፈር የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር ኣስመሮም ትዝ አሉት። ኣብርሄት አንድ ቀን እንደ ዋዛ «ምስጢር የማያወጡ ሽማግሌ» ብላቸው ነበር።

«አንዲት ቃል ብቻ ነው የምፈልገው» አላቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አልጠየቁም።

«ይህቺ ‹ሂ› ናት። እሱ ማለት ነው፤ ወንዱን።»

ገረዝጊሄር ወደ ቀጣይዋ ቃል ጠቆመ። «ይህችስ?»

«‹ቴክ›። መውሰድ።»

«ማንን ነው የሚወስዳት? ወዴት?»

«ለዚያ የቀረውን ማንበብ ነው። ይህቺ ቃል ጉጠትህ ማለት ናት፤ የማትይዘው የለም። አውቶቡስ ስትሳፈር ቴክ፣ ኪኒን ስትውጥ ቴክ፣ ልጅ በአባቱ ሲወጣም ቴክ። ነገና ዓርብ ጥራቮሎ ሥራ አለኝ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመለስ።»

ተመለሰ። በየማክሰኞው አንድ ገጽ ገልብጦ ይወስዳል። በሁለተኛው ወር «እሱ ፎቶ ያነሳታል» የሚል አግኝቶ ምሳውን ሳይበላ ዋለ። በአራተኛው «እሱ ኮቱን ያወልቃል» የሚል መጣ።

«የት ነው የሚያወልቀው?» ብሎ ጮኸ።

መምህሩ ሻሂያቸውን ፉት አሉ። «ቦታው ገና አልተጻፈም። አንብብ።»

ዓረፍተ ነገሮቹ ከወር ወር እየረዘሙ፣ እየከበዱ ሄዱ። ገረዝጊሄር ይህን ሲያይ የሁለቱ ፍቅር እየጠና ነው ብሎ ደመደመ።

ቅናት አንጀቱን በላው። ሥራ መሃል ቆርቆሮ ላይ ቃላት እየጻፈ ያጠፋል። ኣብርሄት በጠመኔ የነጡ ጣቶቹን አይታ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ይወዳታል፤ ያለ እሷ ያ ቤት ቤት እንደማይሆን ያውቃል፤ መዋረዱን ግን አልቻለውም።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ጳጉሜን ላይ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ አማቱን ኣቦይ ወልደትንሣኤን ከደቀምሓረ አስጠራ። የሚስቱን ጓዝ በገዛ እጁ ቋጥሮ በር ላይ አስቀምጦታል።

«ኣቦይ፣ ልጅዎን ይውሰዱልኝ። ሌላ ወንድ ይዛለች።»

ሽማግሌው ቋጠሮውን አዩ፤ ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ማስረጃህ የታል?»

«ደብተሯ ይኸው። በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፍለት። የመጨረሻውን ገጽ ገና አላየሁትም፤ እርስዎ ፊት አነበዋለሁ።»

«አንተ እንግሊዝኛ መቼ ተማርክ?»

«ኣይ፣ እኔ አልተማርኩም። አንዲት ቃል ብቻ ነው የማውቀው።»

ገለጠ። ማንም ሳይረዳው፣ አንድም ቦታ ሳይደናቀፍ፣ እየተረጎመ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፦

«ባለቤቴ በየማክሰኞው ከደብተሬ አንድ ገጽ ይወስዳል፤ መምህር ኣስመሮም ጎበዝ ሆኗል ይሉኛል፤ በመስከረም የጋራዡን ፈተና ይወስዳል።»