አንድ ቀንም ያልቀረችው ተማሪ

መምህርቷ እንደ ወትሮው ጠዋት አይን ሻምስ ሰፈር ባለው የስደተኞች ትምህርት ቤት ስም ጠራች። “ሃጀር” ስትል ጓደኞቿ “አለች” አሉ። አልነበረችም። እናቷ ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኛ ስለሆነች ሕፃን ወንድሟን ትጠብቅ ነበር። አምስት ቀን የቀረ ተማሪ ስለሚሰረዝ፣ መምህርቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳደረገችው መዝገቡ ላይ “አለች” ብላ ጻፈች።

ጠርታ ስትጨርስ የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ትምህርት ሊያቋርጡ የሚችሉ ልጆችን ሊመዘግብ ገባ።

“ሃጀርን ጻፍልኝ። ለወንድሟ መዋያ ካገኛችሁለት ትመጣለች” አለችው።

መዝገቡን ገለጠ። “አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም እኮ፣ እትዬ። ለድጋፍ አሥር ቀን መቅረት አለባት።”

“በአምስተኛው ቀን ሰርዛችሁ በአሥረኛው ልትረዷት?”

“እሱ የሌላ የሥራ ክፍል መመሪያ ነው። ማሌሽ፣ ይቅርታ።”

መዝገቡን ከእጁ ተቀብላ ወደ ልጆቹ ዞረች። “ሃጀር” አለች እንደገና፣ እሱ እንዲሰማ። አሁን ማንም “አለች” አላለም። ሦስተኛው አግዳሚ ላይ የሃጀር ቦታ ባዶ ነበር።