ሰዓት ያዡ ሲመጣ የፈጠነችው ሴት

«ቀስ በሉ... ሰዓት ያዡ እየመጣ ነው።»

ወሬው ከአንዱ የስፌት መኪና ወደ ሌላው ተላለፈ።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሠራ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ሰዓት ያዥ አጠገብሽ ቆሞ አንድ ኮሌታ በስንት ሰከንድ እንደምትሰፊ ይለካል። እሱ በለካው ልክ ደግሞ ሁሉም ሰው በሰዓት ሰፍቶ ማስረከብ ያለበት ግዴታ ይወጣል።

ስለዚህ እሱ ሲመጣ እጅ ሁሉ ይከብዳል። ክር ይበጠሳል፣ መርፌ ይጠፋል...

ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ነገም የሚሰፋ ኮሌታ ስላለ ነው።

የዛን ቀን የመጣው አዲስ ልጅ ነው። ዋናው አለቃ እጁን አጣምሮ ከኋላው ቆሟል።

ልጁ አርባ አንድ ቁጥር መኪና ጋ ደረሰና ሰዓቱን አወጣ።

እዚያ የምትሰፋው ሁሉም «እትዬ» የሚላት ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰፍታለች። ለአዲስ ገቢዎች ቀስ ማለትን የምታስተምረውም እሷው ነበረች።

የዛን ቀን ግን እትዬ በረረች...

እህቴ አጠገቧ ነው የምትሰፋው። በእግሯ ነካ አደረገቻት።

«እትዬ፣ ኧረ ምን ነካሽ?»

ኮሌታው በላይ በላዩ ይወርዳል።

አለቃው የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጎበዝ» አለው። የሰፋችውን ሴት ቀና ብሎም አላያት።

በሳምንቱ ግዴታው በሰዓት ከአርባ ኮሌታ ወደ ስልሳ ወጣ።

ሽንት ቤት መሄድ ቀረ። ምሳ በቁም ሆነ።

ወሩ ሲያልቅ ያልደረሱ አሥራ አንድ ሴቶች ተባረሩ። እህቴ አንዷ ናት... የአምስት ወር ነፍሰ ጡር።

ሌላዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ራሷ እትዬ።

አንድ ቀን መብረርና በየቀኑ መብረር ይለያያል። ወገብ ነዋ።

እህቴ ልክ ልኳን ልትነግራት ቤቷ ድረስ ሄደች።

ስትገባ ግድግዳው ላይ ፎቶ አየች። የምረቃ ልብስ የለበሰ ልጅ...

ሰዓት ያዡ ነው።

«ልጄ ነው» አለች እትዬ። «ፋብሪካው ውስጥ እናቱ ነኝ እንዳትዪ ብሎኛል። አላልኩም።»

«ታዲያ ለምን ፈጠንሽ?»

«የመጀመሪያ ቀኑ ነበር... አለቃው ቆሞ እያየው። ጥሩ ቁጥር ይዞ ይግባ ብዬ ነው።»

«የተባረርነውን ዝርዝር የጻፈውስ ማን ነው?»

እትዬ የፎቶውን አቧራ በመዳፏ ጠረግ አደረገች።

«እሱ ነው። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የመኪናው ቁጥር ብቻ ነው፣ ስም የለውም... እኔ መሆኔን አያውቅም።»

እህቴ የመጣችበትን ሳትናገር ተመለሰች።

አያውቅም? እናቱ አጠገብ ቆሞ የለካው ልጅ አርባ አንድ ቁጥርን አያውቅም? እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ግን ልጁን ብቻ ሰድቤ አላልፍም። የአንድ ቀን ጉልበትሽን አይቶ የዕድሜ ልክ ግዴታ የሚያደርግብሽ ቦታ፣ ብትፈጥኚም ይጥልሻል፣ ብትዘገዪም ይጥልሻል። የእናት ፍቅር እንኳ እዚያ ገብቶ ራሷን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው አስባረረ። ሥራ ሰውን ማኖር ነበረበት።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ...

ልጃችሁ በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ ሰዓት ይዞ አጠገባችሁ ቢቆም፣ ቀስ ትሉ ነበር?