እናቴ አንቱ ያለችኝ ቀን

እናቴን አረጋውያን መጦሪያ ካስገባናት ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ከጸሎት ስወጣ እጠይቃታለሁ። ሁሌ የምትቀበለኝ በስድብ ነው፤ "አንቺ ቀርፋፋ፣ ዛሬም አረፈድሽ?" ትለኛለች። ዛሬ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ "እንደምን ዋሉ?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። "እማዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የተባባልነው? እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቅዎታለሁ፣ ልጄ ነዎት። እዚህ በደንብ ይይዙናል።"

ፀጉሯን ላበጥርላት እጄን ሳነሳ ፊቷን በክንዷ ከለለች። እጅጌዋ ሲሰበሰብ፣ ክንዷ ላይ የሰው ጣቶች ምልክት በልዞ አየሁ።

አስታማሚዋን ጠየቅኳት። "እርጅና ነው እማማ፣ የአሮጊት ቆዳ ሲነኩት ይበልዛል" አለችኝ፣ ትራሱን እያስተካከለች። ትራሱን በነካች ቁጥር እናቴ ትንቀጠቀጣለች።

ፈጣሪ ይፍረድ ብዬ የምተወው አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ቤቷ ላለችው ትልቋ ልጄ ደወልኩ።

"መኪናሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ። አያትሽን እዚህ አላሳድራትም።"

ሁሌ አንቺ የምትለኝ፣ አፏ የማያርፈው ልጄም በስልኩ ውስጥ አንቱ አለችኝ።

"እንደምን ዋሉ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "እዚህ በደንብ ይይዙናል።"