የከበሮው ጠርዝ

ስለ አንዲት ሟች ዘፋኝ የተሠራው ፊልም አዘጋጅ ሽማግሌውን ከበሮ መቺዋን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ተቀበለው። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ፊልሙ ሲረዝምብን የእርስዎን ክፍል ቆረጥነው።»

«ድሮስ ለእኔ ሲሆን ያልጠበበ ምን አለ?» ብሎ ኋላ ተቀመጠ።

የሟቿ ዘፋኝ ሕይወት ታየ፤ መጠጧም፣ ለቅሶዋም፣ ጭብጨባውም አለ፤ እሱ ብቻ የለም። አላዘነም፤ ማዘኑ ድሮ አልቆበታል።

በመጨረሻ መድረክ ላይ ቆማ ታየች። በሕይወት ሳለች እሱ የከበሮውን ጠርዝ ሁለቴ ሳይመታላት አፏን ከፍታ አታውቅም። አሁንም አልከፈተችም።

«ፊልሙ ቆመ እንዴ?» አለ አዘጋጁ።

«ኧረ እየሄደ ነው!» አለ ማሽኑን የያዘው።

ከበሮ መቺው እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። ዓይኗ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቃኝቶ እሱ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣» አለችው ከስክሪኑ ላይ፣ «አሁንም እንዳኮረፍክ ነህ? እጅህን አውጣ እንጂ።»