የአዳኞች መስመር

ጎርፉ ሰፈራችን ገባ ሲባል ስልኬ ጸጥ አለ። ሕጉ ነው፤ አደጋ ሲደርስ የእኛ ስልክ ይዘጋና መስመሩ ለነፍስ አዳኞች ይለቀቃል። ወንድሜ ለአምቡላንስ ስንደውል መስመሩ ተጨናንቆ የሞተብኝ ስለሆነ፣ ይሄን ሕግ እልል ብዬ ነው የፈረምኩለት።

ልጄ ኤፍራታ እዚያው፣ ወንዙ ዳር ባለው ሰፈራችን ናት። እኔ የነፍስ አዳኞቹ አዛዥ ቤት አንሶላ አጥባለሁ። የሳሎናቸው ስልክ አይዘጋም፤ ግን ያለ እነሱ አሻራ አያስደውልም።

ድንገት ጠራ። በአረፋ እጄ አነሳሁት። የአዛዡ ሚስት ናቸው።

«እትዬ ውባለም፣ ልጄን ጎርፉ...»

«ቆይ አንቺ፣ እዚያም ዝናብ ጣለ እንዴ? አንሶላዎቹን ከገመድ አውርጂ፣ እንዳይርሱብኝ!» ብለው ዘጉት።

ለካ ለአንሶላ ነው የፈረምኩት። አንሶላዎቹን ገመዱ ላይ እንደተሰጡ ትቻቸው ወደ ወንዙ ሮጥኩ።