ከወገቤ ሥር

ጀርባዬ ካልላላ ከስፌት መኪናዬ ጋር እንደምለያይ ሐኪሙ ስለ ነገረኝ፣ ሰውነትን እያሸች ዘና ማለትን ወደምታስተምር ባለሙያ ሄድሁ። ከእኔ በፊት የተኛው ሰው ላብ ባልደረቀበት አንሶላ ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝ፤ የቆየ ቅባት የሚሸተውን እጇን ከወገቤ ሥር ስትሰድም አንገሸገሸኝ።

«አባባ፣ ጀርባዎን በድርብ ክር ነው እንዴ የሰፉት? ይተንፍሱና ይልቀቁት።»

በዝግታ ተነፈስሁ። አንድ እርጥብና ለስላሳ ነገር፣ ጥርስ እንዳላበቀለ ድድ፣ ከወገቤ ሥር ሲላወስ ተሰማኝ። ጣቶቿ መስለውኝ ምራቄን እየቀፈፈኝ ዋጥሁ።

«ላላልኝ ወይ፣ ልጄ?»

«በደንብ ላልቷል» አለችና እጇን ሳበች። አልወጣላትም። ደግማ ሳበችና ፈገግ አለች።

«አባባ፣ ይበቃል፤ አሁን እጄን ይልቀቁኝ።»

ሁለቱንም እጆቼን ከደረቴ ላይ አንሥቼ አሳየኋት።